ምራት በአማት ፊት አትስልም

ጡረታ ወጥቼ የደንብ ልብሴን አጥቤ እንኳ ሳልመልስ፣ ልጄ ሰናይት እኔው ሳጸዳው በኖርኩት የቀዶ ሕክምና ክፍል ተኛች። ትርፍ አንጀቷ ፈንድቶ ነው። ሆዷን ከፍተው፣ አጥበው ሰፏት። ሐኪሙ ወጣ ብሎ «ቀዶ ሕክምናው ጥሩ ነው። አሁን የሚያሰጋን ሳንባዋ ነው። በደንብ ትተንፍስ፣ ትሳል፣ ትነሣ» አለኝና ወደ ሌላ በሽተኛ ሄደ።

ይህን ቃል በሥራ ዘመኔ ስንቴ እንደሰማሁት አላውቅም። ለስንቱ አስታማሚ እኔው ደግሜ እንደተናገርኩትም አላውቅም። ከገዛ ልጄ አልጋ አጠገብ ስቀመጥ ግን የማውቀው ሁሉ ተደበላለቀብኝ። ትሳል ልበል ወይስ አርፋ ትተኛ? ስፌቱ ቢፈታስ? በሌላው ሰው ላይ ሳየው ስስቅበት የነበረው ፍርሃት እኔኑ ያዘኝ። ነገሩን ከመነሻው ካልጀመርኩት ለራሴም የሚገባኝ አይመስለኝም፤ ስለዚህ ከመነሻው ልጀምር።

የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ሥራ የያዝኩት ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ ጤና ጣቢያ፣ በጽዳት ነበር። ሰናይትን አዝዬ ነበር የምወለውለው። የመጀመሪያው አለቃዬ ወለሉን በጫማው ጫፍ እየነካ ደረቅ ነው፣ እርጥብ ነው የሚል ሰው ነበር። በሽተኛ ሲያቃስት አይሰማም፤ ባልዲ ሲንኳኳ ግን ከቢሮው ይወጣል። ክፉ ሰው አልነበረም። ሥራ ማለት ወለል ነው ብሎ ያምን ነበር፤ እኔም ከእሱ ጋር እስካለሁ ድረስ እንደዚያው አምኜ ኖርኩ።

በኋላ ወደ ንፋስ መውጫ ተዛወርኩ። የዝውውሩ ወረቀት ብዙ አመላልሶኛል፤ ደመወዙም ያው ነበር። ሆስፒታሉ ቀዶ ሕክምና ሲጀምር እኔን እዚያ ክፍል መደቡኝ። አብዛኛው በሽተኛ ገበሬ ነው። ከስማዳ ቆላ፣ ከእስቴ፣ አንጀቱ ተጠምዝዞ፣ ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ፣ በቃሬዛ እስከ መኪና መንገድ ድረስ ሰው ተሸክሞት ይመጣል። ሲከፈት ይተነፍሳል፤ ሲሰፋ ደግሞ ሌላ ጭንቅ ይጀምራል። ሆዱ የተቀደደ ሰው ትንፋሹን ይሰስታል። ከላይ ከላይ፣ እንደ ወፍ ጫጩት ቁርጥ ቁርጥ እያደረገ ይተነፍሳል፤ ምክንያቱም ጠልቆ የተሳበ ትንፋሽ ስፌቱን ይነካዋል። ታዲያ የሳንባው ታችኛው ክፍል ያልተከፈተ ጎተራ ይሆናል። አክታው እዚያው ይጋገራል፤ ከዚያ ትኩሳት ነው።

ይህን ያወቅኩት ከሲስተር የሺመቤት ነው። የክፍሉ ኃላፊ ነርስ ነበሩ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ። የእሳቸውን ልማድ ከሥራዬ ሁሉ በላይ አስታውሰዋለሁ። በሽተኛ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን በብብታቸው ሸጉጠው ያሞቃሉ። ቆመው አያዙም፤ ወንበር ስበው ፊታቸው ከበሽተኛው ፊት ጋር እኩል እስኪሆን ዝቅ ይላሉ። ከዚያ «የእጅህ ሥራ ምንድን ነው?» ይላሉ።

ገበሬ ከሆነ «ክረምት ላይ ጎተራ ከፍተህ፣ እህሉ ነቀዘ አልነቀዘ ብለህ አታሸትም? እንደዚያ ሳብ። በአፍንጫህ። ቀስ ብለህ። አሁን ያዘው፤ ሽታውን ለይ። በል ልቀቀው» ይሉታል። ጠላ ሻጭ ከሆነች ድፍድፏን ከፍታ እንደምታሸት ትስባለች። አንድ ጊዜ የቅመም ነጋዴ የሆኑ ሐጂ ተኝተው ነበር። «ጥቁር አዝሙዱ የዘንድሮ ነው የአምና?» አሏቸው። ሐጂ ዓይናቸውን ጨፍነው ረጅም ትንፋሽ ሳቡና «የአምና ነው፤ ግን ለእርስዎ የዘንድሮ ብዬ እሸጥልዎታለሁ» አሉ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። ሲስቅ ያላመመው ሰው አልነበረም።

እጃቸውን ከበሽተኛው የታችኛው ጎድን ላይ ያሳርፋሉ። «ትከሻህን አታንሣ፤ እጄን ግፋልኝ» ይላሉ። እሳቸውም አብረው ይስባሉ፣ አብረው ያወጣሉ። ማሳሉ ከዚያ በኋላ ነው። ጋቢውን አራት አጥፈው ስፌቱ ላይ ያደርጉና «እቀፈው፤ ልጅ እንደምታቅፍ። አሁን ሳል» ይላሉ። ጋቢው ሲታቀፍ ስፌቱ አይንቀጠቀጥም።

መቀነትም አለ። የእኛ ሰው ሆድ ሲታመም ይታሰራል። ከገበሬው ጋር የመጣ አጎት ወይም እናት፣ ነርስ ዞር ስትል፣ ሆዱ እንዳይዘረገፍ ብለው ከጎድኑ ጀምረው በመቀነት ጥፍር አድርገው ያስሩታል። ሌላው ነርስ ተቆጥቶ ይፈታዋል። ሲስተር የሺመቤት አይቆጡም፣ አይፈቱም። «ማን ነው ያሰረለት? ጥሩ አድርጎ ነው ያሰረው። ያሰረ ይፍታ» ብለው ይጠብቃሉ። ያሰረው ሰው ራሱ መጥቶ ይፈታል። የፈታው ሰው ደግሞ ተመልሶ አያስርም። ሌላው የፈታውን ግን ማታውኑ ያስሩታል። ይህን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ጓንት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ነርስ ከሥልጠና ሲመለስ በሽተኛ የሐኪም ጓንት እንደ ፊኛ ይንፋ፣ ለሳንባ ጥሩ ነው አለ። ሲስተርም ተቀበሉት። ለእኔ ደግሞ ደስ አለኝ፤ መጥረጊያዬን ይዤ ስዞር ጓንቱን እያደልኩ «ንፋ፣ ንፊ» ማለት የእኔ ድርሻ ሆነ። በሽተኞቹ «እታለም ጓንት» ይሉኝ ጀመር። ስሜን የማያውቁ ሰዎች ዛሬም ገበያ ላይ እንደዚያ ብለው ይጠሩኛል።

አያ ሞላ የእስቴ ሰው ነበር። አንጀቱ ተጠምዝዞ፣ ከፊሉ ሞቶ ተቆርጦለታል። የተነፋውን ጓንት መጀመሪያ ሲያየው ጣቶቹን ወደ ታች አንጠልጥሎ «እታለም፣ ይኼ እኮ የላም ጡት ነው። ይህችን ላም ሳላልባት አልወጣም» አለኝ። ያለ ማቋረጥ ይነፋ ነበር። ባለፍኩ ቁጥር «ዛሬ ስንት ጣሳ ታለበ?» እለዋለሁ፤ «ጥጃዋ ጠብታብኝ እንጂ» ይለኛል። ለመውጣት የተዘጋጀ ሰው ይመስል ነበር።

እሑድ ዘመዶቹ በአንድ የጭነት መኪና መጡ። በእኛ አገር ታሞ አለመጠየቅ ነውር ነው፤ ጠይቆ ቶሎ መሄድም ነውር ነው። አልጋውን ከበው ቆሙ። የነፍስ አባቱ ነበሩ፣ የአገሩ ሽማግሌዎች ነበሩ፣ አማቹ ነበረ። አያ ሞላ ጋቢውን እስከ አገጩ ስቦ «ደኅና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን» ይላል። ሳል ሲመጣበት ይውጠዋል። የአንገቱ ሥር ሲገታተር፣ ዓይኑ እንባ ሲያቀርር አየሁ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ «ወንድ ነው፤ ሲያቃስት እንኳ አልሰማነውም» ብለው አመሰገኑት። ከዚያ በኋላ እንዴት ይሳል? ጓንቱን ይዤ ስጠጋ በዓይኑ ሂጂ አለኝ። የቆሙት ሲወጡ በር ላይ የሚጠብቁት ገቡ። ቀኑን ሙሉ እንዲሁ ሆነ።

ማታውን በትኩሳት ተቃጠለ። ትንፋሹ እንደሮጠ ውሻ ሆነ። ኦክስጅን አደረጉለት፤ ሐኪሙ ወደ ደብረ ታቦር ይሂድ አለ፤ መኪና ሲፈለግ ጊዜ ሄደ። ሞተ።

ሐኪሙ ሳንባው ነው፣ ደግሞም ሲመጣ ዘግይቶ ነው አለ። ዘመዶቹ በመኪናው አብሮ የመጣ ቡዳ በልቶት ነው አሉ። አንዲት ነርስ ያ ሁሉ ጠያቂ ነው የገደለው አለች። እኔ ከሁሉም ጥቂት ጥቂቱን አመንኩ። የትኛው ብቻውን በቂ እንደነበረ አላውቅም፤ የትኛው ባይኖር ይተርፍ እንደነበረም አላውቅም። የነፋው ጓንት አልጋው ራስጌ ላይ ሟሽሾ ተንጠልጥሎ ነበር። አንሥቼ መጣሉም የእኔ ሥራ ሆነ።

ሲስተር የሺመቤት ማንንም አልወቀሱም። ባዶው አልጋ ላይ ትንሽ ተቀመጡ። በሚቀጥለው የጥየቃ ቀን ግን ቆመው የማያዙት ሴት በሩ ላይ ቆሙ።

«ሳይስል ይማርህ አይባልም» አሉ።

ጠያቂው አልገባውም። እሳቸውም አስረዱ፤ የገባ ጠያቂ መጀመሪያ በሽተኛውን ያስነሣል፣ ጋቢውን ያሳቅፋል፣ በሽተኛው ይተነፍሳል፣ ይስላል። እግዜር ይማርህ የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ሽማግሌ በከዘራቸው ተደግፈው «ምን ጉድ ነው? ሳልማ በሽታ ነው፤ በሽታ ደግሞ ይታዘዛል?» አሉ።

«ልክ ነዎት አባቴ» አሉ ሲስተር። «ይኼኛው ግን ጥርጊያ ነው። ቤት ሳይጠረግ እንግዳ ይገባል?»

ሽማግሌው አሰቡበትና «በል እንግዲህ ጥረግ» አሉት የወንድማቸውን ልጅ። ልጁ ሳለ። «እግዜር ይማርህ» አሉት በሙሉ ድምፃቸው፣ ሥራውን እንደጨረሰ ሰው። ከዚያ ወዲህ ለረጅም ጊዜ የእኛ ክፍል ሕግ ይህ ሆነ። ማፈር የነበረበት ነገር ምርቃት የሚያስገኝ ሆነ፤ ማን የበለጠ ሳለ ብለው የሚፎካከሩ ጎረምሶችም አይቻለሁ።

ሲስተር ጡረታ ወጥተው ወደ ልጆቻቸው ሄዱ። ነርሶቹ ተለዋወጡ፤ ሕጉም ቀስ እያለ ተረሳ። ጓንቱ ግን በእኔ እጅ ቀረ። እኔ ጡረታ መውጫዬ ሲቃረብ ደግሞ ሕይወት የምትባል ወጣት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ተመደበች። ኮሪደር ላይ አስቆመችኝ።

«እማማ፣ ይህን ጓንት የት ሊወስዱት ነው?»

«ለበሽተኞች። እንዲነፉት።»

«አሁን እንዲነፉ አናደርግም። ሳንባ የሚከፈተው ሲስቡ ነው እንጂ ሲነፉ አይደለም።»

«ታዲያ እስከዛሬ ያስነፋናቸው ሁሉ?»

«ጎዳችኋቸው አላልኩም። ለመንፋትም መጀመሪያ መሳብ አለ። ግን ሰው ልቡን ጓንቱ ላይ ያደርግና መሳቡን ይረሳል። በጉንጩ ይነፋል።»

«ለመሳብ ሌላ ዕቃ አለ?»

«ትልልቅ ሆስፒታል አለ፤ ሲስቡ ኳሷ ከፍ የምትልበት። እሱም ቢሆን ከመነሣትና ከመራመድ አይበልጥም ይላሉ። ገና እየተጠና ነው።»

ገና እየተጠና ነው። እኔ በዚህ ሥራ አርጅቻለሁ፤ ነገሩ ግን ገና እየተጠና ነው። አያ ሞላ ጉንጩን ነፍቶ ሲስቅ ታየኝ። በጉንጩ ነበር የሚነፋው? ለማስታወስ ሞከርኩ፤ አልቻልኩም።

ሕይወት ይባስ ብላ አንዲት አራስ ሴት በመቀነት ስታስር አየኋት። «ሲስተር የሺመቤት እኮ ያስፈቱ ነበር» አልኳት። «ጎድን ላይ ከሆነ ልክ ናቸው፣ ይፈታ። ዝቅ ብሎ ሆዱ ላይ፣ እጅ እንዲያስገባ ሆኖ ከታሰረ ግን ለመራመድ ያግዛል» አለችኝ። ልጅቷ ትዕቢት የላትም፤ የጠየቅኳትን ሁሉ ትመልሳለች። እኔ ግን በጠየቅኩ ቁጥር ይበልጥ ግራ ይገባኛል። በዚህ ሁኔታ ላይ እንዳለሁ ጋቢ አልብሰው ሸኙኝ።

እንግዲህ ሰናይት የተኛችው ከዚያ በኋላ ነው።

ባሏ ለሥራ መተማ ወርዷል። እናቱ ወይዘሮ አንጓች ከወገዳ፣ መንገዱ ያን ያህል ክፉ ሆኖ፣ በሰሙ በማግሥቱ ደረሱ። ደግ ሴት ናቸው። በሶና ማር ይዘው መጡ፤ አልጋው ግርጌ ነጠላቸውን አንጥፈው ተቀመጡ፤ አልነሣም አሉ። «ልጄ እንዲህ ሆና የት እሄዳለሁ?» አሉኝ። እሳቸው ካሉ ሰናይት ነጠላዋን ወደ ፊቷ ትስባለች፣ ድምፅዋን ታለሳልሳለች። ልጄ የተማረች ናት፤ ንፋስ መውጫ ሱቅ አላት፣ በስልኳ ዕቃ ታዝዛለች። በአማቷ ፊት ግን የአያቶቿ ዘመን ምራት ናት።

ትኩሳቷ ብቅ ብሎ ነበር። ጀርባዋ ላይ ጆሮዬን ሳደርግ ከሥር የሚንኮሻኮሽ ነገር ይሰማኛል። ሐኪሙ መድኃኒቱን ቀየረው። «አክታው ካልወጣ ግን አስቸጋሪ ነው» አለ። እኔ ጋቢውን አጥፌ «ሳብ አድርጊ፣ ያዢው፣ አሁን ሳዪ» እላታለሁ። ሰናይት ትንሽ ትስብና ትተወዋለች። ወይዘሮ አንጓች በተቀመጡበት «ተያት እባክሽ፤ ደክሟታል። ስፌቷ ገና ነው» ይላሉ። እኔም ልክ ናቸው መሰለኝና እተዋታለሁ። ተመልሼ ደግሞ ልክ አይደሉም እላለሁ።

ወይዘሮ አንጓች ኪዳን ለማድረስ ወጣ ሲሉ ሰናይት ሳለች። ጋቢውን ራሷ አንሥታ አቅፋ ሳለች። ሲመለሱ ከኮቴያቸው ቀድማ ዝም አለች። ከዚያ ሳሉ መጣባት፤ ዋጠችው። የአንገቷ ሥር ተገታተረ። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ያን አንገት አውቀዋለሁ። የአያ ሞላ አንገት ነው።

ጎንበስ ብዬ «ለምን አትስዪም?» አልኳት በጆሮዋ።

«እማዬ፣ በእሳቸው ፊት አክታ ልትፋ?»

«ትሞቻለሽ እኮ።»

«እሺ፣ ሲወጡ።»

አይወጡም። ስለሚወዷት አይወጡም። ይውጡ ብላቸው ልጄን ከባሏ ቤተ ሰቦች አጣላታለሁ። ዝም ብል ደግሞ ከሥር የሚንኮሻኮሸው ነገር አለ። ግድ ብዬ ባስላትና ስፌቱ ቢፈታ «እናቷ ናት የፈጀቻት» እባላለሁ፤ ራሴም እንደዚያው እላለሁ። ወጣሁ፤ ኮሪደሩ ጫፍ ደርሼ ተመለስኩ። ሕይወትን ልጥራ አልኩ፤ ቢሮዋ ዝግ ነው። ሲስተር የሺመቤት ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር ብዬ አሰብኩ። ቆመው አያዙም ነበር። ወንበር ስቤ ከወይዘሮ አንጓች ጋር ፊት ለፊት እኩል ሆኜ ተቀመጥኩ። እጄንም በብብቴ አሞቅኩ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ ያሰረ ይፍታ የሚለው የሲስተር ቃል ትዝ አለኝ።

«ወይዘሮ አንጓች፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ።»

«ምን ላድርግልሽ?»

«ይሳሉልን።»

«ምን አልሽኝ?»

«ይሳሉ። እርስዎ ካልሳሉ እሷ አትስልም።»

ቀና ብለው አዩኝ። ቀጥሎ ሰናይትን አዩዋት። ሰናይት ነጠላዋን ዓይኗ ድረስ ስባለች። ሴትዮዋ ቀስ ብለው ተነሡ፤ መቀነታቸውን ጠበቅ አደረጉ፤ አልጋው ጠርዝ ላይ፣ ምራታቸው አጠገብ ተቀመጡ።

«እኔም ምራት ነበርኩ» አሉ። «ከአማቴ ጋር ስኖር ጉንፋን እንኳ ሜዳ ወጥቼ ነበር የምስለው።»

ከዚያ ሳሉ። የጭስ ቤት ሴት ሳል ነው፤ ከሆድ የመጣ፣ ረጅም፣ ሰዉን ሁሉ ያስዞረ። ከወዲያኛው አልጋ አንድ በሽተኛ «ይማርዎት እማማ፤ እርስዎም ሊተኙ ነው እንዴ?» አለ። ወይዘሮ አንጓች «ዝም በል አንተ፣ ያንተን ጉሮሮ ሳትጠርግ» አሉት። ሰናይት ሳቋ አመለጣት። ሳቁ ስፌቷን ያዘው፤ ጋቢውን እቅፍ አደረገች፤ ሳቁ ሳል ሆነ። መጀመሪያ ትንሽ፤ ቀጥሎ ከሥር። እኔ እጄን ጎድኗ ላይ አድርጌ አብሬያት ስቤ አብሬያት አወጣሁ። ያ የተጋገረው መጣ፤ ወፍራም፣ ቢጫ። ሳህኑን ለማንሣት እጄን ስዘረጋ ወይዘሮ አንጓች ቀድመውኝ ይዘውታል። አማቷ ያዙላት፤ ምራታቸው ተፋችበት።

«እግዜር ይማርሽ ልጄ» አሏት።

ከሰዓት ሕይወት መጣች። የወይዘሮ አንጓችን መቀነት ለመነቻቸውና ዝቅ አድርጋ ሰናይትን አሰረቻት። እጄን አስገብቼ ሞከርኩት፤ ገባ። በአንድ ጎን እኔ፣ በአንድ ጎን እሳቸው ሆነን እስከ በረንዳው አራመድናት። በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ሲቀዘቅዝ ያን የሚንኮሻኮሸውን ድምፅ ጀርባዋ ላይ ፈልጌ አጣሁት።

ሐኪሙ መድኃኒቱ ነው አለ። ሕይወት መራመዷ ነው አለች። ወይዘሮ አንጓች ኪዳን ሲያደርሱ የተሳሉት ስእለት ነው አሉ። ሰናይት «እማዬ፣ መሳቄ ነው» ትላለች። እኔ አሁንም አላውቅም። ሰው ሲጠይቀኝ አራቱንም እነግረዋለሁ፤ ግራ ከገባው እኔም እንደዚያው ነኝ እለዋለሁ።

እሑድ ከወገዳ ጠያቂዎች መጡ። የባሏ አጎቶች፣ ጎረቤቶች፣ አንድ ቄስ። የአያ ሞላ ዘመዶች የመጡበት መኪና ታየኝ። ልነሣ ስል ወይዘሮ አንጓች ቀድመውኝ በሩ ላይ ደርሰዋል። ስለ ሲስተር የሺመቤት ያጫወትኳቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። ከዘመዶቻቸው ፊት ክንዳቸውን ዘርግተው በሩን ዘጉ።

«ቆዩ» አሉ። «መጀመሪያ ትሳል።»

ሰናይት ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አድርጋ ጋቢውን አቀፈች።